የኣባ ኣረፋይነ ፈውሲ

መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እየተንገጫገጨ እስከ ሮማናት አደባባይ ይወርዳል፣ ወይ ሓፍቶም ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ ጎማው እስኪለጠፍ ውሸት ይሰማል። አብዛኛው ውሸቱን ይመርጣል። ሓፍቶም የሚዋሸው ለጥቅም አይደለም፤ እጁ ጎማ ሲይዝ አፉ ሥራ ስለሚፈታ ነው። ከዓዲ ጉደም ቁልቁለት ላይ ያመለጠ የሲኖትራክ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ መቐለ ገብቶ፣ አደባባዩን በሥርዓቱ ዞሮ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ቆሞ፣ ከሱቁ በር ሲደርስ "እፍፍ" ብሎ እንደተኛ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ካላመናችሁ ጎማውን ጠይቁት ይላል።

ሚስቱ ሰርካዲስ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ለመንግሥት ሥራ መጥታ እሱን አግብታ ቀረች። በተጋቡ ሰሞን በውሸቱ እየሳቀች ሆዷን ትይዝ ነበር፤ አሁን "ጨረስክ?" ብቻ ነው የምትለው። ስለዚህ እናቷ እማማ ፋንታዬ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ከልጃቸው ይልቅ የተደሰተው አማቻቸው ነበር። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በኖረበት ዘመን ልጃቸው ትኑር ትሙት ሳያውቁ የከረሙ ሴት ናቸው። መንገዱ ሲከፈት የደብረ ብርሃን ብርድ የበላውን ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጡ። እንግዲህ እኚህ ሴት የሓፍቶምን ውሸት እንደ ወተት ይጠጡታል። ስለ ሲኖትራኩ ጎማ ሲነግራቸው ደረታቸውን ይዘው፣ "ሰው እንኳ ሳይገጭ? እመቤቴ ጠብቃው ነው!" አሉ። ሓፍቶም በዚያ ቀን ራቱን ሁለት ጊዜ በላ። ውሸታም ሰው በዕድሜው አንድ አማኝ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ነገር የመጣው በትኋን ነው። ለእንግዳዋ የተዘጋጀው አልጋ ከሰው ቤት የተገዛ ነበር፤ ትኋኑ ሳይገዛ አብሮ መጣ። እማማ ፋንታዬ ሌሊቱን ሲያኩ ያድራሉ። ጎረቤታቸው ኣልጋነሽ የእህል ነጋዴ ናት፤ ገበሬው ወንድሟ አትክልት ላይ የሚረጨውን ነገር በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋ አመጣችና ከበር ሆና ጮኸች።

"ሓፍቶም! ፈውሲ ኣምጺአ ኣለኹ!"

ፈውሲ አምጥቻለሁ ማለቷ ነው፤ በትግርኛ ደግሞ ፈውሲ ሰፊ ቃል ነው። ራስ ምታት ያለበት የሚውጠውም ፈውሲ፣ ነቀዝ የሚገድለውም ፈውሲ፣ አይጥ የሚደፋውም ፈውሲ። ለእማማ ፋንታዬ ግን ፈውስ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ የሚመጣ። ደንገጥ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ፈውስ አለች? የምን ፈውስ ነው ልጄ?"

ሓፍቶም አፉን ከፈተ። "የትኋን መርዝ ነው" ሊል ነበር፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የእማማ ፋንታዬን ዓይን አየ፤ የሚበራ፣ የሚጠብቅ ዓይን። ያ ዓይን አጠፋው።

"ዝም ይበሉ እማማ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የኣባ ኣረፋይነ ነው።"

"እሳቸው ደግሞ ማናቸው?"

"ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ጀርባ፣ ገደል ውስጥ የሚኖሩ ባሕታዊ ናቸው። በዓመት አንዲት ሽምብራ ይበላሉ፤ እሷንም በጾም ቀን ግማሿን። ጅብ ውሃ ይቀዳላቸዋል።"

"እመብርሃን!"

"ይሄን ጠብታውን ውሃ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ውሃው ወተት ይሆናል። ያመመው ሰው ሲቀባው ሕመሙ በዓይኑ፣ በአፍንጫው፣ በአፉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ግን ሁለት ሕግ አለው። ለሰው አይነገርም፤ ውሃም አይነካውም። የታጠበ እንደሆነ ሕመሙ ተመልሶ ይገባል።"

ኣልጋነሽ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ሁለቱ ስለ አልጋው የሚያወሩ መስሏት ጠርሙሱን አስረክባ ሄደች። ሓፍቶም አማቱን ጠቀሳቸው። ጥቅሻው "ስቀልድ ነው" ማለቱ ነበር፤ እማማ ፋንታዬ ግን "ለሰርካዲስ እንዳይነግሩ" ያላቸው መሰላቸውና እሳቸውም መልሰው ጠቀሱት። እሱ ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፤ እሁድ ሊረጨው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህኛው እያደር የሚከብድ ነበር።

በማግስቱ ሰርካዲስ ቢሮ፣ ሓፍቶም ሱቅ ሄዱ። እማማ ፋንታዬ ብቻቸውን ሲቀሩ ወንበር ላይ ወጥተው ጠርሙሱን አወረዱ። በሲኒ ውሃ ላይ ጠብ ቢያደርጉት ውሃው እውነትም ነጭ ሆነ፤ ልክ እንደ ወተት። እንዲህ ያለ መርዝ ውሃ ሲነካው መንጣቱ የተለመደ ነው፤ እሳቸው ግን ተንበርክከው አለቀሱ። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። "ቅዱስ ነገር ደካማውን ሰው በጠረኑ ይፈትናል" ብለው ከጠርሙሱ ሳያቀጥኑ በቅቤ ለወሱት፣ ሁለቱን ጉልበታቸውን አሹት፣ እስከ ጭናቸው ድረስ ቀቡት፣ በጨርቅም ጠቅልለው አሰሩት። ከዚያ ግቢ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

ሓፍቶም ለምሳ ሲመጣ በሩን እንደከፈተ አያቸው። እግራቸውን ዘርግተው፣ ከዓይናቸው እንባ፣ ከአፍንጫቸው ንፍጥ፣ ከአፋቸው ለሃጭ እየወረደ፣ ነጠላቸው በላብ ተጣብቆ፣ ፈገግ ብለዋል።

"ሓፍቶሜ... እየወጣልኝ ነው" አሉ እየተኮላተፉ።

ሓፍቶም ምን አደረገ? ሳቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። አማቱ ብድሩን የመለሱለት፣ የገዛ ውሸቱን የተወኑለት መሰለው። ግድግዳውን እየደበደበ ሳቀ።

"ወይ እማማ! ስንት ጀሪካን ወጣ እስካሁን?"

"ብዙ... ብዙ ነው ልጄ።"

"ለኣባ ኣረፋይነ እልክላቸዋለሁ፤ ለሽምብራቸው ማጠጫ!"

እማማ ፋንታዬ ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ትውከት ተለወጠ። ሓፍቶም አሁንም፣ "ኧረ ይሄስ በዛ! እርስዎ ቲያትር ቤት ነበር መቀጠር የነበረብዎት!" እያለ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። በቅርቡ ሲያያቸው ነው ነገሩ የገባው። ጉንጫቸው ሥር፣ ከቆዳው በታች፣ ሥጋቸው ይርመሰመሳል፤ ትል የሞላበት ጆንያ ይመስል እዚህ ብቅ እዚያ ጥልቅ ይላል። የዓይናቸው ብሌን ጠቦ ጠቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል። እንዲህ አድርጎ መተወን የሚችል ፍጡር የለም። ጆሮውን ደረታቸው ላይ ጣለ። የተቀደደ የጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ገንዳ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚያሰማውን ድምፅ ሰማ፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ቀዳዳው የት እንዳለ በዚህ ድምፅ ነው የሚያውቀው። ይህ ግን ቀዳዳ አልነበረም፤ የገዛ ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ነበር።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። አንስቷቸው ወደ አስፋልት ሮጠ።

የባጃጁ ሹፌር ደንበኛው ነበር። "ዛሬ ደግሞ ምን ውሸት ጭነህ መጣህ?" ሲል ጀመረና ሴትዮዋን ሲያይ ሞተሩን አስነሳ። ሮማናትን ሲያልፉ እማማ ፋንታዬ ተንቀጠቀጡ፤ ልብሳቸው ከሥርም ረጠበ። ሓፍቶም አቅፏቸው፣ "ኣደይ፣ አይዞዎት፣ ኣደይ" ይላል። በአማርኛ እማማ ይላቸው የነበረው ቃል ጠፍቶት ነበር።

ሆስፒታል በር ላይ ነርሱ ገዛኢ ገና ሲያየው ዓይኑን አጉረጠረጠ። ሓፍቶም ባለፈው ክረምት የገዛኢን ሞተር ሳይክል ጎማ ሲለጥፍ ውስጡ የዐረብ ወርቅ አለ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስፈተሸው ሰው ነው።

"የአትክልት መርዝ ነው! ቅዱስ ነው ብለው ተቀቡት!" ጮኸ ሓፍቶም።

"ማነው ቅዱስ ያለው?"

"እኔ!"

ገዛኢ ሊሰድበው ነበር። ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ዮሃና ግን፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ የሴትዮዋን ዓይን በባትሪ አየች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ሽታውን ሳበችና ወደኋላ አለች። "ጓንት አድርጉ! ልብሳቸውን በሙሉ አውልቁላቸው። ሳሙናና ውሃ። ማርከሻውን፣ አትሮፒን አምጡ፣ ያለውን ሁሉ!"

ገዛኢ የጉልበታቸውን ጨርቅ በመቀስ ሊቆርጥ ጎንበስ ሲል፣ እጃቸውን ማንሳት አቅቷቸው የነበሩት እማማ ፋንታዬ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ።

"ውሃ... አይንካው" አሉ፤ ቃሉ በለሃጭ ተጠልፎ። "ይመለስብኛል።"

"እማማ፣ ውሸቴን ነው! የትኋን መርዝ ነው! ባሕታዊ የለም!" አለ ሓፍቶም።

ቀና ብለው በዚያች የጤፍ ፍሬ በምታክል ብሌን አዩት። "አሁን... ነው የምትዋሸው" አሉት። እጃቸውን አላላሉም። መርዙም እየጠለቀ ነው።

ሓፍቶም በሰው ፊት ተንበረከከ። ጆሯቸው ላይ ተጠግቶ፣ "እማማ፣ ከኣባ ኣረፋይነ ተልኬ ነው። ሕመሙ አልቆ ወጥቷል ብለዋል። አሁን ትታጠብ ብለዋል" አለ።

ጣቶቻቸው ተዘረጉ።

አጠቧቸው። ሓፍቶምንም፣ "አንተም ነክተሃቸዋል፣ ታጠብ፣ ሸሚዝህን አውልቅ" ብላ ዶክተሯ ወደ ቧንቧ ገፋችው። መርፌው ተወጋ፤ ደረታቸው ሲንቦራጨቅ እንደገና ተወጋ፤ ደግሞም። ሰርካዲስ ከቢሮ እየሮጠች ስትደርስ ባሏን ኮሪደር ላይ ራቁት ደረቱን፣ ውሃ እየተንጠባጠበ አገኘችው። ዶክተር ዮሃና ለሁለቱም አስረዳቻቸው።

"ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ መልእክት ይልካል፤ ተኮማተር፣ አልቅስ፣ ምራቅ አምጣ ይላል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ 'ይኣክል'፣ በቃ ብሎ ዝም የሚያሰኘው ነገር ደግሞ በሰውነታችን አለ። ይሄ መርዝ ያንን 'ይኣክል' የሚለውን አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ መልእክቱ አያባራም። ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይዝረበረባል፣ ሳንባው ይሞላል፤ ሰው በደረቅ መሬት በገዛ ውሃው ይሰጥማል። ጦር ሜዳ ላይ ሰው የሚፈጁበት የነርቭ ጋዝ የሚሉት የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ትኋን ብለን ቤታችን የምናስገባው ታናሹን ነው።"

ሓፍቶም ሰማ። የሚያወራ፣ የሚያወራ፣ "ይኣክል" የሚለው የሌለ። ሰርካዲስ ወደ እሱ ዞረች። ያቺን የለመዳትን ቃል ጠበቀ፤ "ጨረስክ?" እንድትለው። አላለችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮም ብላው አታውቅም።

አትሮፒኑ ደረታቸውን አደረቀው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ፣ ምላሳቸው እንደ ቆዳ ደረቀ፣ ብሌናቸው ደግሞ በተራው ተበልጥጦ ዓይናቸውን ሞላው። መድኃኒቱ የሚያስቃዥ ነው፤ በዐየር ላይ ክር እየለቀሙ ከማይታይ ሰው ጋር ያወሩ ጀመር።

"ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ። ጅቡን ውጭ ይተዉት፣ ነርሶቹ ይፈሩታል።" ከዚያ ወደ ሓፍቶም ዞረው፣ "ያልነገርከኝ ነገር አለ" አሉ። "ግራ እጃቸው ላይ ስድስት ጣት አላቸው።"

ሓፍቶም ቀዘቀዘ። ሰው የፈጠረውን ውሸት ሲያምኑለት አንድ ነገር ነው፤ የፈጠረው ባሕታዊ እሱ ያልሰጠውን ጣት አብቅሎ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

ቅዠቱ ለቀቃቸው። ሾርባ ጠጡ፣ ሰርካዲስን "ምነው ከስተሻል?" አሏት። ሁሉም ሰው ዳኑ ብሎ ትንፋሹን በለቀቀበት ጠዋት ራሳቸውን ከትራስ ማንሳት አቃታቸው። አንገታቸው እንደ ሕፃን አንገት ሆነ። ዶክተር ዮሃና፣ "ይህን ነበር የፈራሁት" አለች፤ መርዙ በሁለተኛ ዙር ጡንቻቸውን አድክሞት ነበር። ቀጥሎ ትንፋሻቸው ደከመ። መተንፈሻ መሣሪያው አጠገብ ሰርካዲስ አንድ እጃቸውን፣ ሓፍቶም ሌላውን ይዘው ተቀመጡ። መሣሪያው እፍፍ ይላል፣ ይነፋል፣ እፍፍ ይላል። ሓፍቶም ዕድሜውን ሙሉ ዐየር ሲሞላ የኖረ ሰው ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ዐየር ከባድ ሆኖበት አያውቅም።

እግዜር ይመስገን፣ አልሞቱም። መሣሪያው ተነቀለላቸው፣ ቤት ገቡ። ጎረቤት እንኳን እግዜር ማረዎት እያለ መጣ። ሳምንታት አልፈው ግን እግራቸው ጫፍ ላይ ጉንዳን ይሄድብኝ ጀመር አሉ። ከዚያ ጉንዳኑም ጠፋ፣ እግሩም ጠፋ። ሲነሱ የእግራቸው መዳፍ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ይንጠለጠላል፤ ጣታቸው መሬቱን እየፈገፈገ ካልሆነ አይሄዱም። ዶክተር ዮሃና መርዙ ዘግይቶ ረጃጅሞቹን ነርቮች እንደበላ ነገረቻቸው። ይመለስ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

እሳቸው ግን ተደስተዋል። "ጉልበቴ አያመኝም!" ይላሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ለመጣ ለሄደው። "መቼ ሄጄበት ያመኛል? አባቴ ሕመሙን ከላይ ወደ ታች ወስደውት ነው፤ አሁን እግሬ ላይ ደርሷል፤ ትንሽ ቀን ነው፣ በጣቴ ይወጣል። ያን ጊዜ ተነስቼ በእግሬ ገደላቸው ድረስ ሄጄ እሳለማቸዋለሁ።"

ሰርካዲስ ባሏን ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋችው። "ንገራት" አለችው። "ባፍህ ንገራት። እናቴ የሌለ ሰው እየጠበቀች ነው።"

ሓፍቶም ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው፤ ትኋኑን፣ የኣልጋነሽን ወንድም፣ ፈውሲ ማለት ምን እንደሆነ፣ ጥቅሻውን። እማማ ፋንታዬ ዓይናቸውን አፍጠው ሰሙት። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሳቃቸው ፈነዳ። በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ።

"ይሄኛውስ ከሲኖትራኩም ይበልጣል! የትኋን መርዝ! ለኔ ለአሮጊቷ! ሰርኬ፣ ነይ ስሚው ይሄን ቀጣፊ!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወጥቶ የሚመልሰው የለም።

ወሬው ግን ግቢው ውስጥ አልቀረም። አንድ ጠዋት ሓፍቶም ወደ ሱቅ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ የኔአለምን አገኛት። ከታች ሰፈር የምትኖር የአስተማሪ ሚስት ናት፤ እሷም ከመሃል አገር የመጣች። ልጇን አዝላለች፤ የሕፃኗ ጉንጭና አንገት ችፌ ወርሶታል። በእጇ ባዶ የቪክስ ዕቃ ይዛለች።

"ጋሼ ሓፍቶም" አለች፣ "ከዚያ ከፈውሱ ትንሽ ብቻ። ለልጄ።"

"የለም። መርዝ ነው እህቴ። አማቴን ሽባ ያደረጋቸው እሱ ነው።"

ፈገግ አለች። "እማማ ነግረውኛል፤ ምስጢር ስለሆነ መጀመሪያ ይክድሻል ብለውኛል።"

"በልጅሽ እምልልሻለሁ!"

"ለሰው እንደማይነገር አውቃለሁ። አንተ ከሌለህ ችግር የለም፣ ኣልጋነሽም ፈውሲ አላት አሉ። ትሸጥልኛለች።" ዞራ መሄድ ጀመረች። የሕፃኗ ጭንቅላት ጀርባዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ኣልጋነሽ ጠርሙሱን ሸጣ አታውቅም፤ ግን አንዲት ሴት መጥታ "ፈውሲ ስጪኝ" ብትላት ለነቀዝ ነው ብላ ትሰጣታለች። ቃሉ ያው ቃል ነው። ሓፍቶም እውነትን ሦስት ጊዜ ሞክሮታል፤ ሦስቴም አልተነፋለትም። የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው።

ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አዘቀዘቀ። "የኔአለም!" ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። "ኣባ ኣረፋይነ ሞቱ!"

ቆመች።

"ትናንት ነው መልእክቱ የመጣው። ጅቡ ነው ሬሳቸው ላይ ሲያለቅስ የተገኘው። ሲሞቱ ደግሞ ፈውሱን ረገሙት፤ 'ከእንግዲህ ፈውሲ የተባለ ሁሉ መርዝ ይሁን' አሉ። አንድ ጠብታ የነካው ሰው ሁሉ ያልቃል። ለሰው ንገሪ፤ ለሁሉም ንገሪ፤ ይሄኛው ይነገራል።"

የቪክሱ ዕቃ ከእጇ ወደቀ። አማተበች፤ የሕፃኗንም ግንባር አማተበች። ከንፈሯን እየመጠጠች፣ "ነፍሳቸውን ይማር፣ ኧረ ነፍሳቸውን ይማር" እያለች ወደ ቤቷ ሄደች። ኣልጋነሽ በር ላይ ስትደርስ እንኳ ዞራ አላየችም።

ሓፍቶም ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። ከዚያ ከበስተኋላው መሬት ሲፈገፍግ ሰማ፤ የጨርቅ እግር ድምፅ።

እማማ ፋንታዬ ግድግዳውን ይዘው ከበሩ ወጥተው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል፤ እውነተኛ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው። ፊታቸው ላይ ያ የሚበራው ዓይን አልነበረም። ወደ እግራቸው አዩ፣ እዚያ ተንጠልጥሎ አፈር ላይ ወደ ተጎተተው፤ ከዚያ ወደ አማቻቸው።

"ሳይሞቱ በፊት" አሉ፣ "ስለ እኔ እግር ያሉት ነገር የለም?"

ሓፍቶም አፉን ከፈተ። መልስ አጥቶ አያውቅም። ጎማ ሲናገር የሰማ፣ ጅብ ውሃ ያስቀዳ ሰው ነው። ግን ያን የአትሮፒን መርፌ የተወጋ ይመስል አፉ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ።

እማማ ፋንታዬም እየጠበቁት፣ ቆሙ።